የአማቴ ራዲዮ በአዲሱ መኪና

ከአማቴ ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ የጀመርነው አይናቸው ጨርሶ ማየት ካቆመ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት እሳቸው ማንጋቴን በሚባለው የጁባ ሰፈር ከታናሽ እህታቸው ጋር ይኖሩ ነበር፤ እኔና ባለቤቴ ደግሞ ጉዴሌ በሚባለው። እሑድ እሑድ ሄደን እንጠይቃቸዋለን። ባለቤቴ ወደ ውስጥ ስትገባ እኔ ከደጅ ሰላምታዬን አቅርቤ ራቅ ያለ ጥላ ፈልጌ እቀመጣለሁ። በኑዌሮች ወግ አማች አማቱን ያፍራል፤ ፊታቸው ተቀምጦ አይበላም፣ እንደ ልቡም አያወራም። ባለቤቴ ይህን የነገረችኝ ገና ሳንጋባ ነው።

"እናቴ ዝም ስትልህ ጠላችኝ እንዳትል" አለችኝ። "ዝም የምትልህ ስለምታከብርህ ነው።"

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጁባ የመጣሁት ለአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ቀያሽ ሆኜ ነው። ባለቤቴ ጋምቤላ አድጋ፣ ነርስነት ተምራ፣ ወደ አገሯ ተመልሳ ሆስፒታል ትሠራለች። እኔና እሷ የተዋደድነው በአማርኛ ነው። እናቷም ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ለዓመታት ቲማቲምና አሳ ሲሸጡ የለመዷት አማርኛ አለቻቸው፤ ለእኔ ግን አውጥተዋት አያውቁም ነበር። የሚሉኝ ነገር ካለ በልጃቸው በኩል ነው።

"ለባልሽ ንገሪው፣ ሰማዩ ከብዷል፣ ጭቃው ሳይዛችሁ ሂዱ።"

ባለቤቴ ዞር ብላ በአማርኛ ትነግረኛለች። እኔም "እሺ፣ አሁን እንነሳለን በይልኝ" እላለሁ። እሳቸው የምለውን ሰምተዋል፤ እኔም የሚሉትን ግማሹን ገምቻለሁ፤ ቢሆንም ነገሩ በባለቤቴ በኩል ዞሮ ካልመጣ እንደተነገረ አይቆጠርም።

የአይን ግፊት ነው የያዛቸው። ሐኪሙ የሄደው ብርሃን አይመለስም ብሎ ሲነግረን እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። ከዚያ ወዲያ ከእኛ ጋር ጉዴሌ እንዲኖሩ ባለቤቴ ለመነቻቸው። እሺ ያሉት ቀን ቀን ማንጋቴን እንድንወስዳቸው አስምለው ነው። ጓደኞቻቸው እዚያ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ካልዋሉ ቀኑ አይገፋላቸውም።

እናም ጠዋት ጠዋት ሦስታችን በአንድ መኪና መውጣት ጀመርን። መጀመሪያ አማቴን ማንጋቴን፣ ቀጥሎ ባለቤቴን ሆስፒታል፣ ከዚያ እኔ ወደ ሥራዬ። የቀኝ ጉልበታቸው እንደልብ ስለማይታጠፍ የኋላ ወንበር ይጠብባቸዋል። ስለዚህ ወግ ወጉን ትተን ጋቢና እሳቸው ገቡ፤ ባለቤቴ ከኋላ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልረሳቸውም። ሁለታችንም ፊት ለፊት ወደ መንገዱ ዞረን፣ ትንፋሻችንን እንኳ እየቆጠብን፣ አቧራው ውስጥ እንነጉዳለን። ባለቤቴ ከኋላ ሆና ሳቋን ስታፍን በመስታወት አያት ነበር።

ያገላገለን ራዲዮ ነው።

ያኔ የነበረችን መኪና አሮጌ ናት። ቴፑ ካሴት የሚጎርስ ዓይነት፣ ጣቢያ የሚፈለገው በትልቅ ክብ ማዞሪያ። አንድ ጠዋት ዝምታው ሲከብደኝ ከፈትኩትና ማዞሪያውን ሳሽከረክር አንድ ወንድ በኑዌር ቋንቋ ሲናገር አለፍኩት። አማቴ ቀና አሉ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ግራ እጃቸውን ዘርግተው፣ በጣቶቻቸው ዳሽቦርዱን ዳብሰው፣ ማዞሪያውን አገኙት። ወደ ኋላ ትንሽ መለስ፣ ወደ ፊት ትንሽ። ሰውየው ተመለሰ። ድምፁን ከፍ አደረጉና እጃቸውን እዚያው ላይ እንዳሳረፉ ማንጋቴን ደረስን።

በየቋንቋው ተራ በተራ የሚተላለፍ የጠዋት ዝግጅት ነው። የኑዌርኛው ተራ የሚደርሰው እኛ መንገድ ላይ ስንሆን ነው። አማቴ የተወለዱበትን አገር ጎርፍ ዓመት ቆጥሮ እየመጣ ይውጠዋል፤ ወንድማቸው ከብቶቹን ይዞ ደረቅ መሬት ፍለጋ ይዞራል፤ ስልክ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ራዲዮው ውሃው የት እንደደረሰ፣ የትኛው መንገድ እንደተቆረጠ፣ ከብት ምን ዓይነት በሽታ እንደያዘው ይናገራል። ከዚያ ሰላምታ ይነበባል፤ እገሌ ደህና ነኝ ብሏል፣ እገሊት ወልዳለች። አማቴ አንዳንዱን ሲሰሙ ምላሳቸውን መታ ያደርጋሉ፣ አንዳንዱን ሲሰሙ በጉሮሯቸው ይስቃሉ። እኔ ምንም አይገባኝም፤ ግን በምላሳቸውና በጉሮሯቸው ዜናው ደግ ይሁን ክፉ መለየት ለመድኩ። ዝምታችን መልኩን ቀየረ። አብረን የምናዳምጥ ሰዎች ሆንን።

ታዲያ በክረምቱ መካከል የዚያች መኪና ሞተር ነገሩን ጨረሰ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ካየ በኋላ "አላህ ከሪም" ብሎ መልሶ ዘጋው። ሌላ መኪና መፈለግ ግድ ሆነ፤ ያገኘነውም ከዱባይ የመጣ፣ ብዙ ያልተነዳ፣ ፊቱ ላይ ቴሌቪዥን የሚያህል ስክሪን የተዘረጋበት ነው። ማቀዝቀዣው፣ ስልኩ፣ ካርታው፣ ዘፈኑ፣ ሁሉም እዚያ መስታወት ውስጥ ነው። ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል፤ ሲያናግሩት ይመልሳል። ባለቤቴ ወንበሩን እየዳሰሰች "ይሄ መኪና ነው ቢሮ?" አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

የመጀመሪያው ጠዋት አማቴ ገብተው ተቀመጡ። አዲሱን ሽታ አሸተቱ፣ ወንበሩን መታ መታ አደረጉ። የጉዴሌን ዋና መንገድ እንደያዝን እጃቸውን ወደለመዱበት ዘረጉ። ጣታቸው ለስላሳ መስታወት ላይ አረፈ። ፈለጉ፤ ወደ ታች፣ ወደ ጎን። ማቀዝቀዣው በድንገት ማፏጨት ጀመረ። ደንግጠው ሲያነሱና መልሰው ሲያስቀምጡ መኪናው ስልክ መደወል ጀመረ፤ የት በኩል እንደነኩት እንጃ፣ የሥራ አለቃዬ ድምፅ መኪናውን ሞላው።

"ሃሎ? ምነው በጠዋት? ሰላም ነው?"

"ሰላም ነው፣ ይቅርታ፣ መኪናው ነው የደወለው" አልኩ።

"ማን?"

ባለቤቴ በሳቅ ተንከተከተች፤ እኔም ሳቅኩ። አማቴ ግን እጃቸውን ሰብስበው ከለበሱት ጨርቅ ሥር አስገቡት። እስከ ማንጋቴን ድረስ አላወጡትም።

በማግስቱ ባለቤቴ ዘዴ አመጣች። "ይሄ መኪና ይሰማል አይደል? በአፍ ይዘዝ" አለች። መሪው ላይ ያለውን የድምፅ ማዘዣ ቁልፍ ተጫንኩና ባለቤቴ እናቷን በኑዌርኛ "አሁን ተናገሪ፣ ራዲዮ ክፈት በይው" አለቻቸው። አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰው ፊት እንደቀረቡ ሁሉ ልብሳቸውን አስተካከሉና መጀመሪያ ሰላም አሉት።

"ማሌ።"

መኪናው በሴት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ ይቅርታ አልገባኝም አለ። አማቴ ትንሽ ጠበቁና አሁንም ዝግ ብለው "ማሌ" አሉ። መኪናው በአቅራቢያችን ምግብ ቤት እንዳላገኘ ነገረን።

"ማነች ይቺ ሴትዮ?" ብለው ልጃቸውን ጠየቁ። "ሰላምታ አትመልስም?"

ቀኑን ሙሉ ይህን እያስታወስኩ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። በሚቀጥለው ጠዋት ግን የመኪናውን በር ስከፍትላቸው የጋቢናውን አልፈው በዱላቸው የኋላውን በር ፈለጉ። ባለቤቴ "ጉልበትሽስ?" አለቻቸው። "ለባልሽ ንገሪው፣ እዚህ ይሻለኛል" አሉ። እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው አስገቡና አጣጥፈው ተቀመጡ። ባለቤቴ አጠገቤ ስትቀመጥ ሁለታችንም አልሳቅንም።

ራዲዮ መኪናው ውስጥ የለም ማለት አይደለም፤ አለ። ግን ስክሪኑን አንድ ገጽ ገልጠህ፣ ሌላ ገጽ ገልጠህ፣ ከኢንተርኔት ዘፈኖች ዝርዝር ግርጌ ነው የምታገኘው። መኪናው ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ደግሞ ወደ ስልክ ይመለሳል። ሳልነሳ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጣቢያውን አወጣዋለሁ፤ መንገድ ላይ ስልክ ሲደወል ይሸሻል። እየነዳሁ ልመልሰው ስል አይኔን ከመንገዱ ማንሳት አለብኝ፤ የጉዴሌ መንገድ ደግሞ ለዚህ የሚሆን አይደለም። አንድ ጠዋት ጣቴ ስክሪኑ ላይ እያለ ሦስት ሰው የጫነ ቦዳ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ከጭቃ ሸሽቶ ፊቴ ገባ። ፍሬን ስይዝ የሁላችንም ግንባር ወደፊት ሄደ። ባለሞተሩ ቆሞ በጁባ አረብኛ የሚለውን ሁሉ አለኝ፤ ልክ ነበር። ባለቤቴ ልቧን ይዛ "ተወው በቃ፣ በእኔ ስልክ ይሁን" አለች።

በስልኳ የጣቢያውን ድምፅ በኢንተርኔት አወጣችውና ከመኪናው ጋር አገናኘችው። ጥራቱ ሲገርም! ሰውየው አጠገባችን የተቀመጠ ነው የሚመስለው። አማቴ ከኋላ ወደ ፊት ተጠግተው፣ ፊታቸውን በሁለታችን ወንበር መካከል አድርገው ማዳመጥ ጀመሩ። ጋዜጠኛው የአገራቸውን ስም ጠራ፤ ውሃው ትናንት፣ አለ፤ ከዚያ ዝም። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች። ኔትወርኩ ሄዷል። አማቴ አገጫቸውን ከወንበሬ ጫፍ ላይ እንዳሳረፉ ጠበቁ። እኔ ትንፋሻቸው ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል። ዙሪያችን ክላክስ፣ ሞተር፣ ሰው ይጮኻል። ድምፁ ሲመለስ ሰውየው ስለ ኳስ እያወራ ነበር።

"ውሃው ምን ሆነ?" አሉ ለልጃቸው።

"አልሰማሁም፣ እማዬ።"

የዚያን ዕለት ከሰዓት ባለቤቴ ከሆስፒታል ሆና ሰው እያፈላለገች አምስት ስድስት ቦታ ደወለች። ውሃው ደህና ነበር፤ ሊነግሩን የነበረው መጉደሉን ነበር። ቢሆንም አማቴ ከዚያ በኋላ በእኛ መኪና ራዲዮ መስማትን ተስፋ ቆረጡ። ከመኝታቸው አጠገብ የምትቀመጥ የባትሪ ራዲዮ አለቻቸው፤ እሷን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መውጣት ጀመሩ። መኪናው ውስጥ ትንጫጫለች እንጂ በወጉ አትናገርም። መስኮት ዝቅ አድርገው አንቴናዋን ወደ ውጭ ያወጣሉ፤ አቧራው ይገባል፤ እሳቸው ጆሯቸውን ራዲዮዋ ላይ ለጥፈው ፊታቸውን ከአቧራው ያዞራሉ። አንድ ቀን ጉድጓድ ስንገባ አንቴናዋ ከበሩ ጋር ተላግታ ተሰበረች። ጧ ያለውን ድምፅ ሰማሁት። ዞር ስል የተሰበረችውን ጫፍ በጣታቸው እየዳበሱ ነበር። ራዲዮዋን መልሰው ጠቀለሏት።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ያገሬ ሰው ገበያው ዳር ሱቅ አለው፤ ሥራው ባብዛኛው የድሮ ቴፕ እየነቀለ ስክሪን መግጠም ነው። ነገሩን ስነግረው የመኪናዬን ስክሪን አይቶ፣ መልሶ እኔን አየኝ።

"ወንድሜ፣ ሰው እኔ ጋ የሚመጣው የድሮ ቴፑን ሊያስነቅል ነው። አንተ ልታስገጥም መጣህ?"

"ስክሪኑ ይቆይ። ማዞሪያ ያለው ራዲዮ ብቻ ነው የምፈልገው። ከስልክ ጋር የማይገናኝ፣ ከምንም ጋር የማይገናኝ። ከከፈቱት የሚናገር።"

"ለማን ነው?"

"ለአማቴ።"

"መኪናውን የሚነዱት እሳቸው ናቸው?"

"አይናቸው አያይም" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ቀልዱን ተወ። ከመደርደሪያ ሥር አንድ ካርቶን ጎትቶ አወጣ፤ ከየመኪናው የነቀላቸው ራዲዮዎች ሞልተውበታል። እያነሳ አይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ማዞሪያቸውን ይዳብሳል። አንዱ ላላ፣ አንዱ ትንሽ ሆነበት። በመጨረሻ ጠርዙ ሸካራ፣ ሲያዞሩት ጠቅ ጠቅ የሚል አንድ መረጠ። "ይሄኛው በጣት ይናገራል" አለ። ከዚያም መኪናው ውስጥ ገብቶ ለራዲዮው ቦታ ሲፈልግ ቆየና ወጣ።

"እኔ በግምት ብገጥመው አይሆንም። እጃቸው የት እንደሚደርስ ማየት አለብኝ፤ አምጣቸው።"

ባለቤቴ ያን ቀን ተረኛ ነበረች። ስለዚህ አማቴን ከማንጋቴን ያመጣኋቸው እኔ ብቻዬን ነኝ። እህታቸው እስከ መኪናው መርተው የኋላውን በር ሲከፍቱላቸው፣ "እማማ፣ ዛሬ ጋቢና ይግቡልኝ" አልኩ። ከሰላምታ ሌላ በቀጥታ ሳናግራቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ እንደ ተማሪ ልጅ ቀጥኖ ወጣ። እህታቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አማቴ ጥቂት ቆሙና በዱላቸው የፊቱን በር መታ አደረጉ፤ ከፈትኩላቸው።

ሱቁ ደጃፍ ስንደርስ ሰውየው ጠመኔ ይዞ መጣ። ሊያናግራቸው ፈልጎ እኔን አየኝ። የምታስተረጉምልን ሰው የለችም።

"እማማ፣ እጅዎን ይዘርጉ።"

ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ በጋምቤላ ገበያ አማርኛቸው፣ "የት?" አሉ።

"ድሮ ራዲዮው የነበረበት። እንደዚያኛው መኪና ያስቡት።"

ግራ እጃቸው ከጨርቁ ሥር ወጣ። ሰው የለመደውን ነገር ሲያነሳ እንደሚያደርገው፣ ሳይፈልጉ፣ በቀጥታ ዘረጉት። ከስክሪኑ ዝቅ ብሎ ከማርሹ ከፍ ባለ ቦታ አረፈ። ሰውየው በጣታቸው ዙሪያ በጠመኔ አሰመረ። ጠመኔው ቆዳቸውን ሲነካ ሳቁ።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አሉኝ።

"ራዲዮ የሚገጥም ሰው ነው።"

"ለእኔ?"

"ለእርስዎ።"

እጃቸውን ከዚያ አላነሱም። እኔም መንገዱን አየሁ። ሰውየው ሽቦ እያነሳ ነበር።

የራሱ አንቴና ጣሪያው ላይ ተተከለለት፣ ከጋቢናው እግር ማሳረፊያ በላይ የራሱ ድምፅ ማጉያ ተገጠመለት፤ ከትልቁ ስክሪን ጋር ምንም አያነካካውም። ሲያልቅ ለአይን ጌጥ አይደለም፤ አዲስ መኪና ውስጥ የበቀለ እባጭ ይመስላል። ሰውየው "በሉ ይሞክሩት" አለ። አማቴ አዞሩት። ጠቅ፣ ጠቅ። መጀመሪያ መዝሙር መጣ፣ ቀጥሎ አረብኛ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ። ጣቢያቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የኑዌርኛው ሰዓት አልነበረም፣ የሚያወሩት በዲንካ ቋንቋ ነበር። ቢሆንም አላለፉትም፤ ድምፁን ከፍ አድርገው ወንበሩ ላይ ተደገፉ። ሰውየው ለእጅ ሥራው አልቀበልም ብሎ ተከራከረኝ። "እኔም እናት አለችኝ" ነው ያለው፤ ሌላ አልጨመረም።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ከኋላ ተቀመጠች። መኪናው በተነሳ ጊዜ ስክሪኑ ስልኬን ሲፈልግ፣ አማቴ ደግሞ ጣቢያቸውን አግኝተው ነበር።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ኔትወርክ ከከተማው ጠፍቶ የዋለበት ቀን መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁለቱንም ይዤ ወደ ቤት እየተመለስኩ ዝናቡ ወረደ። የጉዴሌ መንገድ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ቆሟል። ለምን እንደቆመ የሚያውቅ የለም። ስልክ አይሠራም፤ ሰው መስኮት እያወረደ አንዱ ሌላውን ይጠይቃል። አንዱ ድልድይ ተሰብሯል ይላል፣ ሌላው ተኩስ ሰማሁ ይላል። ጁባ ውስጥ ሁለተኛው ወሬ ሲነሳ ሰው መልኩ ይቀየራል። አንዳንዱ መኪናውን አዙሮ ጭቃው ውስጥ ሊሸሽ ሲታገል አየሁ። ባለቤቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋለች።

አማቴ ማዞሪያውን ነኩ። የአረብኛው ዜና እየተነበበ ነበር፤ ሁላችንም አጎነበስን። ነዳጅ የጫነ ቦቴ መንገድ ዘግቶ ተገልብጧል፣ የተጎዳ ሰው የለም፣ ክሬን እየመጣ ነው፣ እሳት አትለኩሱ፣ በየቦታችሁ ቆዩ ይላል። ባለቤቴ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። አጠገባችን ላስቲክ ደርበው ሻይ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። አንዷ መስኮቱ ጋ ቀርባ "ምን አሉ ማማ? ምን አሉ?" አለች። አማቴ መስኮቱን አስወረዱኝ፤ ዝናቡ እየገባባቸው ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አደረጉት። ሴቶቹ መጡ፣ ባለሞተሮቹ መጡ፣ ከኋላችን ካለው ሚኒባስ ሰው ወረደ። አንዱ የሰማውን ዞሮ ላልደረሰው ይጮኻል። መኪናቸውን ሲያዞሩ የነበሩት አንድ በአንድ ሞተራቸውን አጠፉ። አማቴ ግራ እጃቸው ማዞሪያው ላይ፣ ቀኝ እጃቸው መስኮቱ ላይ፣ ፊታቸው በዝናብ ታጥቦ፣ ሰላም ለሚላቸው ሁሉ በየቋንቋው ይመልሱ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ የሻይ ብርጭቆ በመስኮት አቀበለቻቸው። እሳቸው ተቀብለው ወደ እኔ ዘረጉት።

"ጠጣ" አሉኝ በአማርኛ። "ብርድ ነው።"

በፊታቸው ጠጣሁ። ባለቤቴ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች አላየሁም የሚል ፊት አሳየች።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር፣ ለቅየሳ ሥራ ብቻዬን በኮሎሎ መንገድ እየነዳሁ ነበር። የእሳቸውን ራዲዮ ሲወርዱም አላጠፋውም፤ ቋንቋው ባይገባኝም ለምጄዋለሁ። ጋዜጠኛው ከአድማጮች ስልክ እየተቀበለ ነው። አንድ ሽማግሌ አወሩ፣ አንዲት ልጅ አወራች። ከዚያ "ማሌ" የሚል ዝግ ያለ ድምፅ መጣ።

አማቴ ናቸው። በእህታቸው ስልክ ይሆናል፤ ከኋላ የሴቶች ሳቅና የዶሮ ድምፅ ይሰማል። መኪናውን ዳር አስያዝኩ። ጋዜጠኛው ጠየቃቸው፣ እሳቸው ተናገሩ። ከምሰማው ውስጥ የማውቃቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ መኪና አሉ፣ ሐበሻ አሉ። አንድ ቃል ደግሞ ሁለት ጊዜ አሉት፣ "ጋትዳ።" ጋዜጠኛው ሳቀ፤ እሳቸውም በጉሮሯቸው ሳቁ። አመሰግናለሁ ሳይሉ ዘጉት፤ ስልክ ሲዘጉ እንደዚያው ናቸው።

ለባለቤቴ ደወልኩ። አላነሳችም። ብዙም ሳይቆይ ራሷ ደወለች፤ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። ሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ የአንዲት በሽተኛ ራዲዮ ክፍት ነበር፤ ሰምታለች።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ጋዜጠኛው ትልልቆቹን እናቶች፣ ከወዴት ሆናችሁ ነው የምትሰሙን እያለ ነበር።"

"እሳቸውስ?"

"'በልጄ መኪና ውስጥ ነው የምሰማችሁ' አለችው። 'አይኔ ተዘግቷል። መኪናዋ አዲስ ናት፣ ፊቷ መስታወት ነው፣ እጅ የሚይዘው ነገር የላትም። ልጄ ለእጄ ቦታ አበጀልኝ። ሐበሻ ነው፤ ቋንቋችን አይገባውም። ግን ቀጥሉ፣ አያጠፋችሁም' አለችው።"

"ልጄ?"

"ጋትዳ ማለት እኮ ልጄ ማለት ነው።"

ከመኪናው ወርጄ ትንሽ ቆምኩ። መንገድ ዳር ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴት "ኬፍ? ታማም?" ብላ በአረብኛ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። ታማም አልኳት። ሳልራብ ኦቾሎኒ ገዛሁ።

ከሥራ ስወጣ ማንጋቴን ሄድኩ። አማቴ እህታቸው ክንዳቸውን ይዘዋቸው ብቅ አሉ፤ እህታቸው እኔን ሲያዩ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። በሩን ከፈትኩ፣ ጋቢና ገቡ፣ እግራቸውን ዘረጉ። ጥቂት እንደሄድን መናገር ፈለግሁ፤ ያሰብኩት ብዙ ነበር፣ ሁሉም ከበደኝ።

"እማማ፣ ዛሬ በራዲዮ ሰማሁዎት" አልኩ።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ጥሩ ይሰማል?"

"በጣም ጥሩ ይሰማል።"

"ድምፄን እኔ ሰምቼው አላውቅም። አርጅቷል?"

"አላረጀም" አልኳቸው። "ገና የልጅ ነው።"

"ዋሾ" አሉኝ፤ እየሳቁም የመቀመጫ ቀበቷቸውን ፈልገው አሰሩ። ባለቤቴን ለመውሰድ ወደ ሆስፒታሉ ታጠፍን።